በእንግሊዝ የሠራ፣ በማድራስ ያልሠራ ክትባት

ልጅ በተወለደ ሰሞን ክንዱ ላይ የሚወጋው፣ ሳምንታት ቆይቶ ትንሽ ቁስል የሚያወጣውና ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጠባሳ የሚተወው ክትባት ቢሲጂ ነው። ቲቢን ለመከላከል በመላው ዓለም በሥራ ላይ የዋለው እሱ ሲሆን ዕድሜው መቶ ዓመት አልፏል። ይህ ክትባት አንድ እንቆቅልሽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ትምህርት ሊጨርሱ የተቃረቡ ከ50 ሺህ በላይ ወጣቶችን ይዞ ጥናት ጀመረ። ሃያ ዓመት ከተከታተላቸው በኋላ ክትባቱ 77 በመቶ ያህል ጥበቃ እንደሰጠ ታወቀ። በ1968 ደግሞ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ቼናይ ከምትባለው ከማድራስ አጠገብ፣ በቺንግልፑት አውራጃ እስከዚያ ከተደረጉት ሁሉ የሚበልጥ የቢሲጂ ሙከራ ተጀመረ። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳተፈበት። ከሰባት ዓመት ተኩል ክትትል በኋላ ውጤቱ ሲገለጥ፣ ክትባቱን የወሰዱትና መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት በሳንባ ቲቢ እኩል ሲታመሙ ተገኙ። ጥበቃው ዜሮ ነበር።

ለአንድ ክትባት እንዲህ የተራራቁ ሁለት መልሶች ሲገኙ ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሰዎቹ ነው፤ የእነዚያ ደም ይቀበላል፣ የእነዚህ አይቀበልም ወደሚል። ሌላው ቅርብ ተጠርጣሪ ራሱ ክትባቱ ነው። ሁለቱም ጥርጣሬዎች በባለሙያዎች መካከል ለአሥርት ዓመታት ሲመላለሱ ቆይተዋል። የመቶ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ክትባት ምንም ያላየ ገላ አያገኝም። መርፌው ከመምጣቱ በፊት ገላው ከሚኖርበት አፈርና ከሚጠጣው ውሃ ተሕዋስያን ጋር፣ ከአንጀት ትላትል ጋር፣ ካለፉ ሕመሞች ጋር ሲተዋወቅና ሲታገል ቆይቷል። ለክትባቱ የሚሰጠውም መልስ ከዚህ ትውውቅ ይወለዳል። በሕዝቦች መካከል የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የቦታና የኑሮ ልዩነት ነው እንጂ የዘር አይደለም። ለዚህ ከቢሲጂ የተሻለ ምስክር አላውቅም፤ በዚያን ያህል ብዙ አገር፣ በዚያን ያህል የተለያየ ሕዝብ ላይ፣ ለዚያን ያህል ረጅም ጊዜ የተሞከረ ክትባት ጥቂት ነውና።

ክትባቱን የሠሩት አልቤር ካልሜትና ካሚል ጌራን ናቸው። አንዱ ሐኪም፣ ሌላው የእንስሳት ሐኪም ሲሆኑ ሁለቱም በሰሜን ፈረንሳይ በሊል ከተማ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ይሠሩ ነበር። በ1908 የከብት ቲቢ አምጪ ባክቴሪያ ወስደው ግሊሰሪንና የበሬ ሐሞት በገባበት ድንች ላይ ማራባት ጀመሩ። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ባክቴሪያውን ወደ አዲስ ድንች ያዛውሩታል። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ሊል በጀርመን ጦር እጅ ወደቀች፤ ድንቹም ሐሞቱም ጠፋ፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። 13 ዓመትና 230 ዝውውር ካለፈ በኋላ ባክቴሪያው እንስሳትን የማሳመም ኃይሉን አጥቶ ተገኘ። በ1921 ፓሪስ ውስጥ እናቱ በቲቢ የሞተችበት አንድ ጨቅላ ክትባቱን በአፉ ወሰደ፤ ያኔ ገና በመርፌ አይሰጥም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በጀርመን ሉቤክ ከተማ ክትባቱ ከአደገኛ የቲቢ ባክቴሪያ ጋር ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀላቅሎ ከ70 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ጥፋቱ የክትባቱ አልነበረም፤ ሆኖም እምነት አንዴ ከተሰበረ በቀላሉ አይጠገንም፤ ብዙ አገሮች እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ድረስ ቢሲጂን በጥርጣሬ ዓይን ሲያዩት ቆዩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቲቢ በፈራረሱት የአውሮፓ ከተሞች እንደ እሳት ተዛመተ። የዴንማርክ ቀይ መስቀል የጀመረው፣ የኖርዌይና የስዊድን ድርጅቶች የተቀላቀሉት፣ ዩኒሴፍም የደገፈው ዘመቻ ከ1948 እስከ 1951 ድረስ በብዙ አገሮች ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ከተበ። ዘመቻው ከአውሮፓ አልፎ እስያና ሰሜን አፍሪካ ደረሰ። ሕንድም ገባችበት። በ1955 የሕንድ ጠቅላይ ገዢና የማድራስ ዋና ሚኒስትር የነበሩት ቻክራቫርቲ ራጃጎፓላቻሪ በአደባባይ ተቃወሙት። ሕያው ባክቴሪያ በጤነኛ ልጅ ገላ መጨመር ያሠጋል ብለው የተናገሩት ትክክል አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ክርክር ውስጥ የተነሳው ሌላ ጥያቄ፣ ክትባቱ በዚህ አገር ሕዝብ ላይ እንደሚሠራ በምን ታወቀ የሚለው፣ ፍጹም ተገቢ ነበር። ዘመቻውን የሚመሩት ሰዎች በዚያን ጊዜ በቂ መልስ አልነበራቸውም፤ ማስረጃው ከሌላ አገር የመጣ ነበር። የቺንግልፑት ሙከራ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ ሐቀኛ መልስ ነው፤ የሕንድ መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ውጤቱን ሳይሸፍኑ ማውጣታቸውም ሊመሰገን ይገባል። ሚሊዮኖች ከተከተቡ በኋላ ጥበቃው ዜሮ ነው ብሎ ማወጅ ለማንም ቀላል አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጣት የተቀሰረው በክትባቱ ላይ ነበር። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። ከሊል የወጣው ዘር ወደ ጃፓን፣ ወደ ብራዚል፣ ወደ ሩሲያ፣ ወደ ዴንማርክ ተልኮ በየቤተ ሙከራው ለአሥርት ዓመታት ከምግብ ወደ ምግብ እየተዛወረ ኖሯል። አድርቆ ማስቀመጥና ቋሚ ዘር መያዝ የተለመደው በ1960ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ስም የያዙት ክትባቶች በዘረመላቸው ተለያይተው ነበር፤ በ1999 የወጣ ጥናትም አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው ዘር ቁራጭ ቁራጭ እንደጎደላቸው አሳይቷል። ታዲያ በማድራስ የተሰጠው ደካማው ዓይነት ቢሆንስ? ሁለት ነገሮች ይህን መልስ ይቃወሙታል። አንደኛ፣ በቺንግልፑት ከተሰጡት ሁለት ዓይነቶች አንዱ የዴንማርክ ዘር ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ያን ሁሉ ጥበቃ ያስገኘውም ከኮፐንሃገን የመጣ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳምነኝ ከማላዊ የመጣ ነው። በሰሜን ማላዊ በካሮንጋ ወረዳ ለብዙ ዓመታት በተደረገ ጥናት ቢሲጂ የሳንባ ቲቢን ፈጽሞ አልተከላከለም፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሕዝብ፣ የሥጋ ደዌን ግን በግማሽ ያህል ቀንሷል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የቲቢው የቅርብ ዘመድ ነው። ክትባቱ የሞተ ወይም የደከመ ቢሆን ኖሮ አንዱን ከልክሎ ሌላውን እንዴት ያሳልፋል? የክትባቱ ዘር ምንም ለውጥ አያመጣም ለማለት አይደለም፤ ያመጣል። ነገር ግን ከዜሮ እስከ 80 በመቶ ያለውን ርቀት መሙላት አይችልም።

ወደ ደም ጉዳይ እንምጣ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቲቢን በዘር ማስረዳት የተለመደ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ማውጫዎች ጥቁር ሠራተኞች በቲቢ ሲያልቁ፣ በሰሜን አሜሪካ የቀደምት ሕዝቦች ሰፈሮች ሲራቆቱ፣ ብዙ ሐኪሞች እነዚህ ሕዝቦች ገና ያልሠለጠነ ደም ስላላቸው በሽታውን መቋቋም አይችሉም እያሉ ይጽፉ ነበር። የሠራተኛው መኝታ ጥበት፣ የማዕድኑ አቧራ፣ ረሃቡ፣ ከመሬት መነቀሉ ከሒሳቡ ይወጣል። ይህን አባባል ከሥሩ የሚነቅለው ማስረጃ ከቢሲጂ ራሱ ነው የመጣው። ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ ጆሴፍ አሮንሰን በአሪዞና፣ በዋዮሚንግ፣ በዳኮታና በአላስካ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ የቀደምት ሕዝቦች ልጆችንና ወጣቶችን ከፊሉን ክትባት፣ ከፊሉን ባዶ መርፌ ሰጥቶ ተከታተለ። ጥበቃው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእንግሊዙ ጋር የሚስተካከል ነበር፤ በ2004 የታተመው የስድሳ ዓመት ክትትልም ጥበቃው ከግማሽ በላይ ሆኖ እንደቆየ አሳየ። በካናዳ ሳስካቸዋን ግዛት በካፔል ሸለቆ በሮበርት ፈርጉሰን የተመራው የሕፃናት ሙከራም 80 በመቶ ገደማ ጥበቃ አስመዘገበ። ደማቸው ደካማ ነው የተባለላቸው ሕዝቦች ለክትባቱ ከማንም ያላነሰ መልስ ሰጡ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ፤ በካፔል ከቲቢ ከተረፉት ሕፃናት ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው በሳንባ ምችና በተቅማጥ ሞተዋል፤ መርፌው የማያድነው ድህነት አብሯቸው ነበርና።

ከዚህም የቀረበ ፈተና አለ። የሕንድ ደም ለቢሲጂ አይመችም የሚባል ከሆነ፣ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በሌላ አገር ሲከተቡም ክትባቱ መክሸፍ ነበረበት። በእንግሊዝ ይህ በሁለት ጥናቶች ተፈትሿል። በ1988 በበርሚንግሃም የወጣው 64 በመቶ፣ በ1991 በእንግሊዝ ደረጃ የወጣው 49 በመቶ ያህል ጥበቃ አገኙ። ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ከአንድ ክፍለ አህጉር የመጡ፣ ነገር ግን በተለያየ አፈር ላይ የተወለዱ ልጆች የተለያየ ውጤት አገኙ። ጥናቶቹ ከቺንግልፑት ጋር በዘዴም በዕድሜም ስለሚለያዩ ቁጥር ከቁጥር ማነጻጸር አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ዘር ነው ለሚለው ክርክር የሚተዉት ቦታ ጠባብ ነው።

ታዲያ አፈሩ ውስጥ ምን አለ? ይህን ጥያቄ አጥብቆ የያዘው የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ተመራማሪ ካሮል ፓልመር ነው። የቲቢ የቆዳ ምርመራ የሚሠራው ከባክቴሪያው የተወሰደ ፕሮቲን ቆዳ ውስጥ በመውጋት ነው፤ ገላው ባክቴሪያውን የሚያውቅ ከሆነ ቦታው ያብጣል። ፓልመርና ባልደረቦቹ ብዙ ጤነኛ ሰዎች መጠነኛ እብጠት እንደሚያሳዩ፣ ይህም ከቲቢ በሽተኛ ጋር መኖር አለመኖራቸውን እንደማይከተል አስተዋሉ። የቲቢ ዘመድ ከሆነ ሌላ ባክቴሪያ የተቀመመ መርፌ ሲጨምሩ ነገሩ ፈካ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በአንድ አካባቢ የኖሩ ከሩብ ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምልምሎች ተመርምረው በካርታ ሲሰፍሩ፣ በሰሜን ያደጉት ጥቂቶቹ፣ በሞቃታማውና እርጥበታማው ደቡብ ምሥራቅ ያደጉት ግን አብዛኞቹ ለዚያ ባክቴሪያ ምላሽ አሳዩ። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአፈርና በውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰውን እምብዛም የማያሳምሙ ናቸው። በዚያው በደቡብ ምሥራቅ፣ በጆርጂያና በአላባማ፣ በጆርጅ ኮምስቶክ የተመራው የቢሲጂ ሙከራ 14 በመቶ ጥበቃ ብቻ ነበር ያስገኘው፤ በፖርቶ ሪኮ የተደረገው 31 በመቶ። በቺንግልፑትም አብዛኛው አዋቂ ለእነዚህ ዘመዳሞች ምላሽ እንደሚያሳይ ሙከራው ራሱ አረጋግጧል።

ፓልመር በ1966 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው የጊኒ ፒግ ሙከራ ነገሩን ወደ ምክንያት አቀረበው። በአፈር ባክቴሪያ ቀድመው የተለማመዱ እንስሳት ያለ ቢሲጂም በከፊል ከቲቢ የተጠበቁ ሆኑ፤ ቢሲጂ ሲጨመርላቸው ብዙ አልጨመረላቸውም። ስለዚህ ጥበቃ የለም የሚለው ውጤት አንዳንዴ ጥበቃው ቀድሞ ስለነበር ክትባቱ የሚጨምረው አጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ መንገድም አለ። ቢሲጂ ሕያው ነው፤ ለመሥራት በገላው ውስጥ ጥቂት መራባት አለበት። ቀድሞ አረም የያዘው ማሳ አዲስ ዘር እንደማያበቅል ሁሉ፣ ዘመዶቹን የሚያውቅ ገላ ቢሲጂን ገና ሳይራባ ይገድለዋል። በ2002 የታተመ የአይጥ ሙከራ ይህንኑ አሳይቷል፤ ከካሮንጋ በተሰበሰቡ ባክቴሪያዎች የተለማመዱ አይጦች ቢሲጂን ቶሎ አጠፉት፣ ጥበቃውም ከሰመ። ፕሮቲን ብቻ የያዘ፣ መራባት የማያስፈልገው ክትባት ግን በዚያው አይጥ ላይ ሠርቷል። የትኛው መንገድ በየትኛው አገር ያመዝናል የሚለው ክርክር አልተዘጋም፤ ሁለቱም ግን መነሻቸው አንድ ነው፤ ገላው ቀድሞ ያየው ነገር። በ1994 የቢሲጂ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠና ትንተና ከጥናት ጥናት ያለው ልዩነት 41 በመቶ የሚሆነው ከምድር ወገብ ባለው ርቀት እንደሚገለጽ አገኘ። ርቀቱ ራሱ ምክንያት አይደለም፤ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ በአፈር ውስጥ የሚኖረውን ነገር የሚጠቁም ምልክት ነው።

አፈር ብቻ አይደለም፤ አንጀትም አለ፤ የኢትዮጵያ ድርሻ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮጵያውያንና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በጋራ በሠሩት የኤችአይቪ ምርምር ጤነኛ አዋቂ ኢትዮጵያውያን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር ተነጻጸሩ። ኢትዮጵያውያኑ ገና ምንም ያልገጠማቸው የመከላከያ ሴሎች አነስተኛ ሲሆኑባቸው፣ በሥራ ላይ ያሉ፣ የተቀሰቀሱ ሴሎቻቸው ግን ብዙ ሆነው ተገኙ። ሰውነታቸው ሁልጊዜ በውጊያ ላይ እንደነበር ያሳያል። በእስራኤል ደግሞ አዲስ የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ተመሳሳይ ሁኔታ ታየባቸው፤ ብዙዎቹ የአንጀት ትላትል ነበረባቸው። ወሳኙ ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የትል መድኃኒት ወስደው፣ ዓመታት በአዲሱ አገር ሲኖሩ የደም ሥዕላቸው ወደ ሌላው ነዋሪ ተጠጋ። ደሙ ያው ደም ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። በዘር ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ ይህን እንዴት ያስረዳል? ከዚያ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች፣ በ2001 እና በ2008 የታተሙ፣ ጉዳዩን ወደ ቢሲጂ አመጡት። የአንጀት ትል ያለባቸው ፈቃደኞች ከፊሉ የትል መድኃኒት፣ ከፊሉ የማስመሰያ ክኒን ወስደው ከዚያ ቢሲጂ ተሰጣቸው፤ ትሉ የጠፋላቸው ለክትባቱ የተሻለ ምላሽ ሰጡ። ይህ በቤተ ሙከራ የተለካ ምላሽ እንጂ ከቲቢ መዳን ራሱ አይደለም፤ ልዩነቱን መዘንጋት አይገባም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይነሳል። ነገሩ ቀድሞ የመተዋወቅ ከሆነ፣ ዛሬ የተወለደ ልጅ አፈርም ትልም ገና አላወቀም፤ ስለዚህ ጨቅላዎች በሁሉም አገር እኩል ምላሽ መስጠት ነበረባቸው። በማላዊና በእንግሊዝ ጨቅላዎች መካከል የተደረገ ንጽጽር ግን ከክትባት በኋላ በወራት ውስጥ ልዩነት አሳይቷል፤ የእንግሊዞቹ ጠንከር ያለ፣ የማላዊዎቹ የላላ ምላሽ ነበራቸው። እናትየዋ በእርግዝና ወቅት የትል መድኃኒት ብትወስድ ልጁ ይጠቀማል ወይ ተብሎም በኡጋንዳ ኢንቴቤ ከ2 ሺህ በላይ እናቶች ላይ ተሞከረ፤ በልጆቹ ምላሽ ላይ ለውጥ አልታየም። እነዚህ ውጤቶች ማብራሪያውን ያወሳስቡታል፤ አያፈርሱትም። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት የሚያገኘው ነገር፣ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ የሚሻገረው፣ የወሊድ ክብደቱ፣ የአካባቢው ሌሎች ኢንፌክሽኖች ሁሉ የቦታ ታሪክ ናቸው። ከዚህም በላይ፣ በ2014 የወጣ ሰፊ ትንተና ቢሲጂ በጨቅላነት ሲሰጥ፣ ወይም በቆዳ ምርመራ በጥብቅ ተጣርተው ምንም ምላሽ ላላሳዩ የትምህርት ቤት ልጆች ሲሰጥ ጥበቃው ከፍ እንደሚል፣ የምድር ወገቡ ተጽዕኖም እንደሚቀንስ አሳየ። ገላው ቀድሞ ሳይተዋወቅ የደረሰ ክትባት የተሻለ ሠራ ማለት ነው። የጨቅላዎቹ ልዩነት የቀረ ጥያቄ ነው፤ የአዋቂዎቹ ግን መልሱን አግኝቷል ብዬ አምናለሁ።

ዘረመል ምንም ሚና የለውም ማለት ግን አይደለም። በጋምቢያ መንታ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2004 የታተመ ጥናት ለቢሲጂና ለሌሎች ክትባቶች የሚሰጠው ምላሽ በከፊል የሚወረስ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። ነገር ግን ይህ በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ ባሉ ሕፃናት መካከል ያለውን ልዩነት የሚገልጽ ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሰው ከሰው የሚለይበትን ምክንያት ወስዶ ሕዝብ ከሕዝብ ለሚለይበት ማዋል የአመክንዮ ስሕተት ነው። በአንድ ቤት የሚያድጉ ልጆች ቁመት በውርስ ይለያያል፤ በጦርነት ዘመን ያደገ ትውልድ ከሰላም ዘመኑ ማጠሩ ግን የውርስ ጉዳይ አይደለም፣ የምግብ ነው። የዘር ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ የቆየው ከማስረጃው ጥንካሬ የተነሳ አይመስለኝም። ቲቢ ያለበትን ቤት ማስፋት፣ ውሃውን ማጥራት፣ ትሉን ማከም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ደምን መውቀስ ግን ምንም አያስወጣም።

ሌላ የምሰማው ተቃውሞ ከተግባር ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ቢሲጂ ለእኛ አይጠቅምም ማለት ነዋ? ይህ አደገኛ ድምዳሜ ነው፤ ስሕተትም ነው። የቺንግልፑት ዜሮ ስለ አዋቂዎች የሳንባ ቲቢ ነው። ሕፃናትን ለሞት የሚዳርጉት ወደ አንጎል ሽፋን የሚገባውና በደም በገላ ሁሉ የሚበተነው የቲቢ ዓይነቶች ናቸው፤ በጨቅላነት የተሰጠ ቢሲጂ እነዚህን ከ70 በመቶ በላይ እንደሚከላከል በ2006 የተጠናቀረ ማስረጃ ያመለክታል። ኢትዮጵያ በ1980 የተስፋፋ የክትባት መርሐ ግብር ስትጀምር ቢሲጂን በልደት እንዲሰጥ ያደረገችው፣ ዛሬም የምትቀጥለው ለዚህ ነው። የመቶኛ ቁጥርም ብቻውን ያሳስታል። በ2010 የታተመ የሮታ ቫይረስ ክትባት ሙከራ በማላዊ ከከባድ ተቅማጥ 49 በመቶ፣ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ ያህል ጥበቃ አሳየ። ማላዊ የተሸነፈች ይመስላል። ነገር ግን በሽታው እዚያ የበረታ ስለነበር ከመቶ ሕፃናት በዓመት የዳኑት የከባድ ተቅማጥ ክስተቶች በማላዊ ወደ 7፣ በደቡብ አፍሪካ ወደ 4 ነበሩ። ግማሽ የሚሠራ ክትባት በሽታ በበዛበት ቦታ ብዙ ሕይወት ያድናል። ኢትዮጵያም በ2013 ይህንኑ ክትባት አስገብታለች፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

የመቶ ዓመቱ ታሪክ በተግባር የሚያስከትለው ነገር ክትባት የሚፈተንበትን ቦታ የሚመለከት ነው። በኦክስፎርድ የተሠራው፣ ቢሲጂን ያጠናክራል የተባለው ኤምቪኤ85ኤ የተባለ ክትባት በእንግሊዝ አዋቂዎች ላይ ጠንካራ ምላሽ አሳይቶ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ከዚያ በኬፕታውን አቅራቢያ ከ2,700 በላይ ሕፃናት ላይ ሲሞከር በ2013 የወጣው ውጤት 17 በመቶ ብቻ፣ ከአጋጣሚ የማይለይ ጥበቃ ነበር። በቤተ ሙከራ የተለካ የእንግሊዝ ደም ምላሽ በደቡብ አፍሪካ ሕፃን ላይ ለሚሆነው ዋስትና አልሆነም። ከዚህ በኋላ የመጣው ኤም72 የተባለው ክትባት በሌላ መንገድ ተጀመረ። የሁለተኛው ምዕራፍ ሙከራው በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ ተካሂዶ በ2019 የታወቀው ጥበቃ ግማሽ ያህል ነበር፤ የተመረጡትም የቲቢ ባክቴሪያ ቀድሞ በገላቸው የተገኘ፣ ነገር ግን ያልታመሙ አዋቂዎች ናቸው። በ2024 የተጀመረው ትልቁ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ ተነስቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ሲሰፋ፣ ባክቴሪያው ያለባቸውንም፣ የሌለባቸውንም፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩትንም አካትቷል። ቲቢ ከሚገድላቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት በእነዚህ አገሮች ነው፤ የክትባቱ ኃይልም የሚለካው በእነሱ ገላ ውስጥ ነው።